ጾንካ ቁልፉን በሰዓቱ ተጭናለች

አባ ስፓስ፣ ኔቬና እህቴ፣ ከተራራው መንደር በዚህ ጭቃ የወረዳችሁ አባቶችና እናቶች፣ የአምቡላንስ ጥሪ ማዕከል ባልደረቦቼ፦ ኦግኒያን ቨልቼቭን ልትሸኙ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

እኔ ሩመና ነኝ። ከእሱ ጋር በአንድ ክፍል ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን ስንሠራ ኖረናል። ድምፄ ዝቅ ያለ ነውና ጠጋ በሉ። እሱ ቢሆን እስከ በሩ ማዶ ይሰማ ነበር።

ጎረቤቱ ዛሬ ጠዋት «ኮምፒውተር ይጠግን ነበር አይደል?» አለኝ። አይደለም፤ ፕሮግራም ይጽፍ ነበር። ሰው ታሞ ሲደወል ጥሪው በብዙ ፕሮግራሞች እጅ ያልፋል። አንዱ አድራሻውን ይፈልጋል፣ አንዱ ወረፋ ያስይዛል፣ አንዱ ለሾፌሩ ያደርሳል። እያንዳንዱም ያደረገውን መስመር በመስመር ይጽፋል። ሎግ እንለዋለን። የእኛ ሎግ ምን ይል እንደነበር ታውቃላችሁ? «እዚህ ደረስኩ።» በቃ። ከሥሩ ደግሞ «ይሄ መሆን አልነበረበትም።» አንዱ ባልደረባችንማ፣ ስሙን አልጠራም፣ እዚሁ ቆሟል፣ «ወይ ጉዴ» ብሎ ጽፏል።

ኦግኒያን ሥራ በጀመረ ሰሞን ይህን አነበበና ከወንበሩ ተነሳ። «እዚህ ደረስኩ! ማን ነው የደረሰው? ከየት? በየት በኩል?»

«ካፖርትሽን ልበሺ» አለኝ። ይዞኝ ወረደ። ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ካለችው ዛፍ ሥር አቆመኝ። ታውቋታላችሁ፣ የሙታን ማስታወቂያ የምንለጥፍባት ዛፍ ናት። «አንብቢ» አለኝ። አነበብኩ። ስም። ዕድሜ። ቀብሩ የት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት። ከግርጌው፣ የሚያስታውቀው ማን እንደሆነ። «ቀጥይ።» ቀጣዩም እንደዚያው ነው። ጥቁሩ ጠርዝ አንድ ነው፣ ቅርጹ አንድ ነው።

«አየሽ?» አለኝ። «አንዲት አሮጊት መነጽሯን እቤት ረስታ ብትመጣ እንኳ ስሙን የት እንደምትፈልግ ታውቃለች። በዚህ አገር ከፕሮግራም ይልቅ ለሟች ነው በወጉ የሚጻፍለት።»

ይህን ሙያ ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም፤ ከዚህም ከዚያም ለቃቅሜ ነው የያዝኩት። ያቺን ዛፍ የሚያህል አስተማሪ ግን አላገኘሁም።

ከዚያ ሕግ አወጣ። ጥሪው በበር፣ ማለትም በመጀመሪያው ፕሮግራም፣ ሲገባ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል። ፕሮግራሙ ሁሉ ያንን ቁጥር ይቀበላል፣ በሚጽፈው መስመር ላይ ያኖራል፣ ለሚቀጥለው ያስረክባል። ሰዓቱ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ ቁጥሩ በአንድ ቦታ፣ የሆነው ነገር በአንድ ቦታ። እኛ ግን አሾፍንበት። «አንተ የጋብሮቮ ሰው አይደለህ? እናንተ ስስታሞች እኮ ሙቀቱ እንዳያመልጥ፣ በሩ ቶሎ እንዲዘጋ የድመት ጭራ ትቆርጣላችሁ! ለአንድ መስመር ይሄን ሁሉ ቃል ማባከን ምን ይሉታል?»

«ስስታም ስለሆንኩ ነዋ» አለ። «አንዴ የፈለግሁትን ሁለተኛ መፈለግ አልወድም።»

አሁን ስለ ጾንካ ልናገር። ጾንካ ዲሞቫ፣ ያቺ ከኋላ የቆመችው፣ ጥሪ ተቀባያችን ናት። ትናንት ጠይቄያት «ተናገሪ» ብላኛለች።

ያንን ከባድ በረዶ የጣለበትን ክረምት ታስታውሳላችሁ። ከተራራው ላይ አንድ ሰው ልቡን ታመመ። ጾንካ ጥሪውን ተቀበለች፤ አምቡላንሱ ግን እጅግ ዘገየ። ሰውየው ለጥቂት ተረፈ። የማዕከላችን ሹም ሾፌሩ ጋ የደረሰውን ጥሪ አየና «ጥሪውን የሚልከውን ቁልፍ የተጫነችው ዘግይታ ነው» አለ። ከሥራ አገዳት። ከተማችንን ታውቋታላችሁ። እስከ ምሳ «ተኝታ ነበር» ተባለ፤ ከምሳ በኋላ «ጠጥታ ነበር» ሆነ። እሷ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ወዲያው ተጭኛለሁ።»

ማን አመናት?

ኦግኒያንም አላመናትም። መቃብሩ አጠገብ ቆሜ አልዋሽም። «ማመን የኔ ሥራ አይደለም፤ ቁጥሩን አምጡ» ነው ያለው። ቁጥሩን አመጣን። የተሰጠበት ሰዓት በእርግጥ የዘገየ ነበር። «ይኸው!» አለ ሹሙ። ኦግኒያን ግን ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም። «ቆዩ» አለ። «ይሄ ቁጥር በበር አልገባም። የበሩ መስመር የለውም። መሀል መንገድ ላይ ነው የተወለደው። ታዲያ በበር የገባው የት ሄደ?»

በሰውየው አድራሻ ፈለግን። ሌላ ቁጥር ተገኘ። በበር ገብቷል፤ ጾንካ እንዳለችው፣ ወዲያው። አድራሻው ተገኝቶለታል። ወረፋ ውስጥ ገብቷል። እዚያ ጠፋ። የኔትወርክ መስመሩ ተቋርጦ ጥሪው እንደገና ሲላክ፣ አንድ ፕሮግራም የድሮውን ቁጥር ጥሎ አዲስ ሰጥቶታል። አዲስ መጪ ነው ብሎም ከወረፋው ጭራ አሰልፎታል።

ያንን ፕሮግራም ማን ጻፈው?

ሕጉን ያወጣው ሰው። አንድ ዓርብ ቀን፣ ለመሄድ ሲቻኮል።

ሹሙ ራሱ አዘነለትና «በቃ፣ ሲስተሙ ተሳስቷል ብለን እንለፈው» አለ። ኦግኒያን ዞረበት። «ሲስተሙ ማን ነው? ከየት መጣ? በየት በኩል?»

በማግስቱ ዳቦ ቤቱ ፊት ሰው ተሰበሰበ። «ማን ሞተ? ማን ሞተ?» ዛፏ ላይ ጥቁር ጠርዝ ያለው አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፏል። አንዷ የኦግኒያንን ስም ከግርጌው አየችና ለሚስቱ ለኔቬና ደውላ «እግዜር ያጽናሽ» አለቻት። ኔቬናም «ምን ሆነሻል? እዚህ ተቀምጦ ሾርባ እየበላ ነው!» ትሳቂያለሽ አይደል ኔቬና? ሳቂ።

ማስታወቂያው እንዲህ ይል ነበር። «ጾንካ ዲሞቫ ቁልፉን በሰዓቱ ተጭናለች። ጥሪውን ያዘገየው እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ነው። የሚያስታውቀው ኦግኒያን ቨልቼቭ።»

ጾንካ የክፍላችንን በር በርግዳ ገባች። «አንተ እብድ! በቁሜ ዛፍ ላይ ትለጥፈኛለህ?»

«የለጠፍኩት ራሴን ነው» አላት። «አንቺንማ ሐሜት ከሰቀለሽ ላይ ያወረድኩሽ መስሎኝ ነበር።»

ቆማ አየችው። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠችና አለቀሰች። በሳምንቱ ሥራዋ ላይ ነበረች። ሰላምታ የነሷት ሰዎች ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ቦታ ይለቁላት ጀመር። እሷ ግን ተራዋን ትጠብቃለች።

ያ ፕሮግራም ዛሬ ቁጥር አይጥልም። ዛሬም፣ እኛ እዚህ ቆመን ሳለ፣ ጥሪ እየገባ ነው። እያንዳንዱ ቁጥሩን ይዞ ያልፋል። ይህን በሙሉ ልቤ እነግራችኋለሁ፤ ጠዋት አይቼው ነው የመጣሁት።

ትናንት ዛፏ ጋ ሄድኩ። የእሱ ማስታወቂያ እዚያ አለ። አራቱም ጥግ ተጣብቋል፣ ቀጥ ብሏል። የለጠፈችው ጾንካ ናት።

አሁን ለነፍሱ የተቀቀለው ስንዴ ይታደላል፣ ወይኑም በመቃብሩ ላይ ይፈሳል። ከዚያ በፊት፣ ኦግኒያን፣ ደህና ሁን። አንድ መስመር ልጻፍልህ፤ አንተ በምትወደው ቅርጽ።

ኦግኒያን ቨልቼቭ። ከጋብሮቮ። በኔቬና ቤት በኩል፣ በእኛ ክፍል በኩል፣ በዚያች ዛፍ በኩል። ስሙን መንገድ ላይ ሳይጥል። የምታስታውቀው ሩመና።

እዚህ ደረሰ።