ሊምኒዮ የፈላበት ምድር ቤት

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ እታገኘሁ ገብረጻድቃን
ዕድሜ፦ 52
ሥራ፦ የቢሮ ጽዳት
አድራሻ፦ ማሪቢርኖንግ፣ ሜልቦርን
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ረቡዕ ኤፕሪል 22 ቀን 2015፣ ከቀኑ 9፡30 ሰዓት
ቃሉን በአማርኛ የመዘገበው አስተርጓሚ፦ አቶ መክብብ ካሣዬ

እኔ ስሜ ከላይ የሰፈረው ምስክር፣ በአከራዬ በአቶ ስታቭሮስ ላይ ዛሬ ስለደረሰው አደጋ ተጠይቄ የሚከተለውን ተናግሬያለሁ።

ሟች የ81 ዓመት ሰው ናቸው። ከግቢያቸው የኋላ ክፍል ተከራይቼ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ጋሼ ስታቭሮስ ነው የምላቸው። በግቢው ውስጥ ከተወለዱበት ከግሪክ ሊምኖስ ደሴት የመጣ ሊምኒዮ የሚባል ቀይ የወይን ዘር አላቸው። ግሪኮች ከክርስቶስ ልደት በፊት ጀምሮ የሚጠጡት ነው ይላሉ። ሌላው ሰው ለቅሞ ሲጨርስ የእሳቸው ገና አይበስልም። የወይን ጠጁ ቀለሙ ሳሳ ያለ ነው፣ ቅጠላ ቅጠል ይሸታል፤ ሲጠጡት ግን ጉልበት ይፈታል። "እንደ እኔ ነው፣ አይቸኩልም" እያሉ ይስቁ ነበር።

ዘንድሮም የጨመቁት ብርዱ ከገባ በኋላ ነው። ትናንት ማክሰኞ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ "በረደው፣ መፍላቱን እንዳያቆም" ብለው ተጨንቀው ወደ ልጃቸው ቤት ሄዱ። እኔ ጠላ ስጠምቅ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ጠላ ሙቀት ይወዳል። ስለዚህ ወይኑ ወዳለበት ምድር ቤት ወርጄ፣ ሁልጊዜ ክፍት የሚተዉትን ትንሽ መስኮት ዘጋሁ። ስንጥቁን በብርድ ልብስ ወተፍኩ፣ በሩንም ዘጋሁ። ማንም አላዘዘኝም። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው። ከዚያ ወደ ከተማ ለሌሊት ሥራ ሄድኩ።

ዛሬ እኔ ከሥራ ከተመለስኩ በኋላ፣ ጋሼ ስታቭሮስም ከልጃቸው ቤት መጥተው ከጠዋቱ 2፡10 ሰዓት ሲሆን ወይኑን ሊያማስሉ ወረዱ። ባልዲ ሲወድቅ ሰማሁ። ብጣራ መልስ የለም። ሦስት ደረጃ እንደወረድኩ አፍንጫዬን አቃጠለኝ፣ ትንፋሽ አጠረኝ። እየዳህኩ ወጣሁ። ከላይ ሆኜ እጃቸውን አያለሁ፣ መድረስ ግን አልቻልኩም። አምቡላንስ ጠራሁ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች የአየር ጭንብል አድርገው አወጧቸው፤ አልተረፉም። አንደኛው፣ ወይን ሲፈላ ንጹሑን አየር አስወጥቶ ሰው የሚያፍን ጋዝ ያወጣል፣ መስኮቱም የሚከፈተው ለዚህ ነው ብሎ አስረዳኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን መስኮት ሳይ ለምን እንደሚከፈት አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም።

ልጃቸው ያኒስ ሲደርስ አቅፎኝ አለቀሰ። "አባቴ ራሱ ዘግቶ ረስቶት ነው፣ መጃጀት ጀምሮ ነበር" አለኝ። የዘጋሁት እኔ እንደሆንኩ አልነገርኩትም።

ጋሼ ስታቭሮስ አልረሱም። አልጃጁም። ይህ ቃሌ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ፣ ከቀብሩ በፊት ለልጃቸው እንዲነበብለት እጠይቃለሁ።

የተጻፈው ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። አንዳች ያልጨመርኩበትና ያልደበቅኩበት እውነት ስለሆነ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ ____________
የአስተርጓሚ ፊርማ ____________
የመርማሪ ፖሊስ ፊርማ ____________