ጥላው የቀረ ወይራ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ወርቅ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት አንድ የቅኔ መምህርና ላፕቶፕ የታቀፈ ወጣት ናቸው። ጆሮዬን አልደፈንኩም።

«የኔታ፣ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ይኸን ይመስላል። እሁድ ለምእመኑ የምናሳየው ነው።»

«ሥዕል ነው ፎቶ?»

«በኮምፒውተር የተሠራ ነው። ሕንጻውን ለብቻ፣ ዛፉን ለብቻ፣ ጥላውን ለብቻ አወጣና ኋላ እደራርባቸዋለሁ።»

«አንድ ላይ ብታወጣውስ?»

«አንዱ ካልተወደደ ሌላውን ሳልነካ እንዳነሳው ብዬ ነው።»

«ተማሪዎቼ ቅኔ የሚቆጥሩበት ወይራ የታለ?»

«ደጁን ስለሚጋርድ ይቆረጣል ተብሎ አነሳሁት።»

«ታዲያ መሬቱ ላይ ያለው የማን ጥላ ነው?»

«ውይ! እሱን ረስቼዋለሁ። አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።»

«ተወው ልጄ። እሁድ እንዲሁ እንዳለ አሳያቸው።»

እኔ እስከ መናኸሪያ ተሳፋሪ ነበርኩ፣ ግን የኔታ ከቤተ ክርስቲያኑ ወይራ ጋ ሲወርዱ፣ ሳይቆረጥ ልየው ብዬ እኔም ወረድኩ።