በአራት ቀን የመጣው መንጃ ፈቃድ

እንኳን ደህና መጣሽ የኔ እመቤት! ነይ ግቢ፣ በካርዶቹ መሃል እለፊ፣ ግድ የለም አትረግጪብኝም። ወፈር ብለሻል፣ ደግሞ ያምርብሻል። ልጁስ? ጡት በደንብ ይጠባል? መልኩ ወደማን ሄደ፣ ወዳንቺ ወይስ ወደ አባቱ? … ወደ አባቱ? ይሁን፣ አባቱም ክፉ መልክ የለውም። ወንበሩን ሳቢና ቁጭ በይ፣ የላብራቶሪው ቁልፍ እስኪመጣልሽ ትንሽ እንጫወት።

በሩን? ኧረ ተይው፣ አትዝጊው። ይሄ ካርድ ክፍል መስኮት የለው፣ የወረቀቱ አቧራ ያፍነኛል። ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ሰው ተቀምጧል ነው የምትዪኝ? ይቀመጣ! ማንም ይሁን ማን፣ እኛ የምናወራው ስለ ሌላ ሰው ነው። ድምፄንስ ለምን እቀንሳለሁ? ሰው ሲመሰገን በሹክሹክታ ነው እንዴ?

ሦስት ወር ሊሞላሽ ነው አይደል ከወጣሽ? ስንት ነገር አመለጠሽ መሰለሽ። ግቢው ውስጥ ያለውን ቀይ ሞተር ሳይክል አየሽው? መብራቱ የተሰነጠቀውን፣ ጎኑ የተፋቀውን? አንቺ ለወሊድ በወጣሽ በሳምንቱ ነው የመጣው። ያኔ መቀመጫው ላይ ያለው ላስቲክ እንኳ አልተነሣም ነበር። ከወንዙ ማዶ ላለችው ጤና ኬላ ክትባት አድርሱበት ተብሎ ነው የተሰጠን። መኪናችን ከቆመ ወዲህ ቀጭኗ ያን የክትባት ሳጥን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ በእግሯ እንደምትመላለስ ታውቂ የለ። እንዴ፣ ቀጭኗን ረሳሻት? ክትባት ክፍል ያለችው ነርስ፣ በኮንትራት የተቀጠረችው፣ ስታምጪ እጅሽን ይዛ ያደረችው! … እ፣ እሷ።

ዶክተሩ ሰበሰቡንና፣ «መንጃ ፈቃድ ቀድሞ ያመጣ ቁልፉን ይረከባል፤ የማዶውም ሥራ በቋሚነት የሱ ይሆናል» አሉን። ያኔ ቀጭኗ ኮንትራቷ ሊያልቅ ሁለት ወር ነበር የቀራት። እናቷን የምትጦር እሷ፣ ታናሽ እህቷን የምታስተምር እሷ። የዚያኑ ዕለት ከሥራ ወጥታ ማሰልጠኛ ሄዳ ተመዘገበች።

ሌላም ሰው እጃቸውን አወጡ። ስማቸውን አልጠራም፣ እኔ ሰው ማማት እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ንብረት ክፍል ናቸው ብዬ እንኳ አልነግርሽም፤ ንብረት ክፍል የሚሠራው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ ስም እንደ መጥራት ይቆጠርብኛል። «እሳቸው» የምለው ደግሞ በዕድሜያቸው አይደለም፣ ገና ሠላሳም አልሞላቸው። ግን እንዲህ ያለ ሰው «አንተ» ይባላል? እኔ አፌ እሺ አይለኝም።

ቀጭኗ ምን ፍዳ እንዳየች ልንገርሽ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት ማሰልጠኛው ሜዳ ትሄዳለች። እዚያ ሹል የላስቲክ ኮን ደርድረው በመሃሉ ስምንት ቁጥር እየሠራሽ ንጂ ይሉሻል። እግርሽ መሬት ከነካ ወደቅሽ። ኮን ከነካሽ ወደቅሽ። ሞተሩ ከጠፋብሽ ወደቅሽ። ከዚያ ደግሞ በጠባብ ጣውላ ላይ ቀስ እያልሽ ታልፊያለሽ። «በፍጥነትማ ማንም ይነዳል፣ ጭንቁ ቀስ ብሎ መሄዱ ላይ ነው» ትለኝ ነበር። ጉልበቷ ተልጦ፣ ክርኗ ተገሽልጦ ትመጣና አንቺ የተቀመጥሽበት ወንበር ላይ ቁጭ ትላለች። እኔ ቁስሏን ስጠርግላት እሷ ሕመሙን ረስታ በእስክሪብቶ ጠረጴዛዬ ላይ ስምንት ቁጥር ትነዳለች። መጀመሪያ ስትፈተን እግሯ መሬት ነካና ወደቀች። ሁለተኛ ስትፈተን የመጨረሻዋን ኮን ገጭታ ወደቀች።

እሳቸውስ? አንድም ጊዜ አልወደቁ! … ፈተናውን ማለቴ ነው።

በአራት ቀን ነዋ ያመጡት! ሰኞ ተመዘገቡ፣ ሐሙስ መንጃ ፈቃዱ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ተሰጥኦ ማለት ይሄ ነው። ቀጭኗ አሰልጣኟን «የኛ መሥሪያ ቤት ሰውስ እንዴት ነዳ?» ብትለው፣ «የቱ ሰውዬ?» አላት። ትሕትናቸውን አየሽልኝ? ሜዳውን ሳይረግጡ፣ አንዲት ኮን እንኳ ሳያስቸግሩ… እንዲያው በዝምታ! የፈታኞቹ አለቃ የባለቤታቸው አጎት ናቸው የሚሉ አሉ። እኔ አላመንኩም። ሰው ከኋላው ሰው ስላለው ብቻ ወደፊት ይሄዳል እንዴ?

ዶክተሩ ምን ያድርጉ፣ ቀድሞ ያመጣ ብለዋል። ቁልፉን ሰጧቸው፣ እኛም አጨበጨብን። እኔማ መዳፌ እስኪቀላ።

ከዚያ በኋላ ሞተሩን እንዴት አድርገው እንደያዙት! አምስት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ በጨርቅ ይወለውሉታል። ሄልሜታቸውን አድርገው ይቀመጡበታል፣ በመስተዋቱም ፀጉራቸውን ያያሉ። ሄልሜት ውስጥ ያለ ፀጉር በመስተዋት ሲታይ አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አይቻለሁ። ብቻ አይነዱትም። ቀጭኗ «ማዶ መቼ እንሂድ?» ስትላቸው፣ «አዲስ ሞተር መጀመሪያ ማረፍ አለበት» አሏት። እውነት ነው፣ መንገዱ አድክሞት ይሆናል። በመሃሉ እሷ በሦስተኛው ፈተና አለፈች። ወረቀቷን ይዛ መጥታ አሳየችን፤ ያን ዕለት ማንም አላጨበጨበም። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ ሳጥኗን አነሣችና በእግሯ ሄደች።

በመጨረሻ አንድ ረቡዕ ዶክተሩ ተቆጡ። «አርባ እናት ልጇን ታቅፋ ፀሐይ ላይ ትጠብቃለች፣ ሳጥኑ በእግር እስኪደርስ በረዶው ይቀልጣል፣ ዛሬ በሞተር ትሄዳላችሁ!» አሉ። እሳቸው እንዲነዱ፣ ቀጭኗ ሳጥኑን ይዛ ከኋላ እንድትቀመጥ። እስቲ አስቢው፣ ሁለት መንጃ ፈቃድ ባንድ ሞተር ላይ! ከግቢው ሲወጡ በአንደኛ ማርሽ፣ ድልድዩ ጋ ሲደርሱም በአንደኛ ማርሽ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። «ማርሽ ቀይር እንጂ» ብትላቸው «አንቺ ነሽ የምታስተምሪኝ?» አሏት አሉ። እውነታቸውን ነው። ማንም አላስተማራቸውም እኮ፣ ዛሬ ምን አዲስ ነገር መጣ?

ከድልድዩ ማዶ ያለችውን ቁልቁለት ታውቂያታለሽ፣ ጠጠሩ የሚያንሸራትተውን። እዚያ ላይ የፊቱን ፍሬን ጥርቅም አድርገው ያዙት። ለካ መውደቁን ለፈተና አላባከኑትም፣ ለሥራ ሰዓት ቆጥበውት ኖሯል! ሞተሩ ወዲህ፣ እሳቸው ወዲያ። ቀጭኗ ሳጥኑን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች በትከሻዋ ወረደች። ሳጥኑ አልተከፈተም። እሷ ግን ከትከሻዋ እስከ ክርኗ ደም በደም።

እሳቸው ጭረት የላቸውም፣ ተመስገን ነው። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ «እኔ ከእንግዲህ አልነካውም፣ ሰው ጥሪ» አሏት። ሰው ለራሱ ሲጠነቀቅ እንዴት ደስ ይላል! ያቺ አጥንት ሞተሩን ብቻዋን አነሣችው። ፍሬኑን ሞከረች፣ መሪውን አቃናች፣ አስነሣችው። «ሳጥኑን ያዝና ከኋላ ውጣ» አለችው… አለቻቸው ማለቴ ነው፣ ይቅር ይበለኝ።

ወጡ። ባንድ እጅ ሳጥኑን፣ ባንድ እጅ ወገቧን ጥብቅ አድርገው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው። ማዶ የሚጠብቁት እናቶች በሙሉ ወጥተው አዩ። አንዷ እንዲያውም አዝናላቸው፣ «በሽተኛ ይዘሽልን መጣሽ እንዴ?» ብላ ጥላ ሥር ቦታ ለቀቀችላቸው። ቀጭኗ በዚያ በደማ ክንዷ አርባ አንድ ልጅ ከተበች። እሳቸውም ሥራ አልፈቱም፣ ውኃ ሲጠጡ ዋሉ።

ዋናውን አልነገርኩሽም። ሲመለሱ፣ ይሄ የግቢያችን መታጠፊያ ጋ ሲደርሱ፣ «እባክሽ እህቴ ውረጂልኝ፣ እኔ ላስገባው፣ ሰው እንዳይታዘበኝ» አሏት። ያን ጊዜ እህት ሆነች። አንጀቷ አልችል አላትና ወረደች። እሳቸው ደረታቸውን ነፍተው ብቻቸውን በበሩ ገቡ። እኛ በረንዳው ላይ ነን። ገቡ… ገቡ… አሁንም ገቡ። የዶክተሩን መኪና አለፉ፣ የተሰጣውን የአልጋ አንሶላ ከነገመዱ ወሰዱ፣ ግድግዳው ባይኖር ዛሬም አይቆሙም ነበር። ነጭ አንሶላ ተከናንበው ከሞተሩ ሥር ብቅ ሲሉ ሙሽራ ነው የሚመስሉት! ሁሉም እሳቸውን ሊያነሣ ሮጠ። ከበሩ ወዲህ፣ ክንዷን ይዛ በእግሯ የምትመጣውን ልጅ ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ።

ከዚያ ሪፖርት ጻፉ። ዕንቁ የመሰለ ጽሕፈት አላቸው መቼም። «ከኋላ የተቀመጠችው ስለተወዛወዘች ሚዛን አሳተችኝ፣ ፍሬኑም ብልሽት ነበረበት» ብለው። መካኒክ ተጠርቶ መጣ፣ ጎንበስ ብሎ አየው፣ «ፍሬኑ ደህና ነው፣ የያዘው እጅ ነው መታየት ያለበት» አለ። እሳቸውም መካኒኩ ልምድ ይጎድለዋል አሉ። እሳቸው ስለ ልምድ ካልተናገሩ ማን ይናገር?

ቀጭኗ ቢሮ ተጠርታ ስትጠየቅ ዝም አለች። ለምን ብላት «ሰው ፊት ምን ላዋርደው» ትለኛለች። ዶክተሩ በእጃቸው ያለው ወረቀት ብቻ ነው፤ የማዶው ጉዞ ለጊዜው ይቁም አሉ። ኮንትራቷ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ነበር የቀረው። ያን ዕለት እዚህ ወንበር ላይ አለቀሰች። ሁለት ጊዜ ወድቃ እንባ ያልወጣት ልጅ።

እኔ በሰው ነገር አልገባም። ዶክተሩን አንዲት ነገር ብቻ ጠየቅኳቸው። «ሁለቱም መንጃ ፈቃድ አላቸው አይደል? ታዲያ እዚሁ ግቢ ውስጥ ስምንት ቁጥር ሠርተው ለምን አያሳዩንም?» አልኳቸው። ክፋት አስቤ ነው? ያ ሁሉ ተሰጥኦ ተደብቆ እንዳይቀር ብዬ እንጂ!

አርብ ከሰዓት ሆነ። በኮን ፋንታ ባዶ የመድኃኒት ካርቶን ደረደርን። ቀጭኗ ትከሻዋ እንደታሰረ ወጣችበት። ቀስ… ቀስ… አንዲት ካርቶን ሳትነካ፣ ሁለት ዙር። ዘበኛው በሩን ጥሎ መጥቶ አጨበጨበ። ከዚያ እሳቸው ተጠሩ። ምን ሆነው ቢመጡ ጥሩ ነው? ቀኝ እግራቸው እስከ ጉልበት በፋሻ ተጠቅልሎ! «ተሰብሬያለሁ፣ ሐኪም ከልክሎኛል» አሉ። እኔ እንዴት እንደደነገጥኩ። እዚህ የታከመ ሰው ካርዱ በእኔ እጅ ነው የሚወጣው፤ ገብቼ ፈለግሁ፣ ፈለግሁ… ያ እግር ካርድ የለውም። ሐሙስ ዕለት፣ የፈተናውን ወሬ እንደሰሙ፣ ሲያነክሱ ያየኋቸው ደግሞ በግራው ነበር። ስብራት ከእግር እግር ሲዛወር አይተሽ ታውቂያለሽ? አንቺ ላብራቶሪ ነሽ፣ እስቲ ንገሪኝ።

ዶክተሩ ወንበር አስመጡና «ና እኔ ልይልህ» አሉ። ፈቱት፣ ፈቱት፣ ፈቱት… አያልቅም። ከውስጡ አንዲት ያማረች ጤነኛ እግር ወጣች። ማንም አልሳቀም። ዶክተሩ እጃቸውን ዘረጉ፣ እሳቸውም ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡ። ቀጭኗ እንኳ አንገቷን ደፋች፣ እሷ ናት ያፈረችላቸው።

ይኸውልሽ፣ የቋሚነት ደብዳቤዋ ትናንት ወጣ። የእሳቸው መንጃ ፈቃድም ይጣራ ተብሎ ወደ ሰጠው መሥሪያ ቤት ተልኳል። የባለቤታቸው አጎት ስልክ አላነሣ ብለዋል አሉ፤ ምነው፣ ታመው ይሆን?

ዛሬ ደግሞ ማዶ የዕቃ ቆጠራ አለ፤ ንብረት የሚቆጥር የሆነ ሰው መሄድ አለበት። ቀጭኗ ልትወስዳቸው ሞተሩን እያሞቀች ነው። አግዳሚው ላይ ሄልሜት ታቅፎ የተቀመጠው ሰው ጆሮው ቀላ ነው ያልሽኝ? ሙቀቱ ይሆናል፣ ኮሪደሩ ይሞቃል።

እኔ እንደሆንኩ ቂም አላውቅም። ለእሳቸው የምመኘው ደግ ደጉን ነው። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ትዳራቸውን ይባርክላቸው። መቼም ሰው ናቸውና፣ ምናልባት አንድ ቀን ታመው ኦፕሬሽን አልጋ ላይ ቢተኙ፣ ቢላውን የሚያነሣላቸውን ሐኪም ልክ እንደ ራሳቸው ባለ ተሰጥኦ ያድርግላቸው… ሰኞ ተመዝግቦ ሐሙስ የተመረቀ።

አሜን በይ እንጂ፣ የኔ እመቤት!