ከላይ አንድ፣ ከሥር ሦስት

በእኛ ዘመን እኮ ልጆቼ፣ ናዝሬት የሚለው ስም ገና አልወጣላትም፣ አዳማ ነው የምንላት። ባቡር ጣቢያው፣ ከጣቢያው ፊት ለፊት ጥቂት የቆርቆሮ ቤት፣ ከዚያ ወዲያ ግራር ብቻ ነው። እና ክረምቱ ሲወጣ፣ ውሃው ሜዳ ላይ ተኝቶ ሲቀር፣ ንዳድ ይመጣል። ዛሬ ወባ የምትሉት ነው። የማንንም ቤት አይመርጥም።

ታዲያ እኔ ያኔ ራሴ ልጅ ነኝ፣ ግን የልጅ እናት ነኝ። አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ሆኜ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ። መደመር ተማርኩ፣ መቀነስ ተማርኩ፣ ማባዛት ተማርኩ፣ ማካፈል ሊጀመር ነው ሲባል አባቴ መጥቶ ለባል ሰጠኝ። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ባለቤቴ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር፣ አዳማ አመጣኝና እሱ አዋሽ በኩል ወርዶ ወር ሙሉ አይመለስም። እኔና ልጄ ታደሰ ብቻችንን ነን። ሁለት ዓመት ገና አልሞላውም። እና ንዳዱ እሱን ያዘው።

ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ ነበር፣ መድኃኒት የሚሸጥ፣ ደግ ሰው። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም። "አንቺ ልጅ ብዙ ትኩሳት፣ አይዞህ እናቱ" ይለኛል። ኪኒኑን ፈጭቶ በትንንሽ ወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። በየጥቅሉ ላይ ቁጥር ጽፎበታል፣ ከላይ አንድ፣ መሐል መስመር፣ ከሥር አራት። ጠዋት አንድ ጥቅል፣ ማታ አንድ ጥቅል። እኔ አንድንም አራትንም አውቃቸዋለሁ፣ መስመሯን ግን አላውቃትም። እንግዲህ አራት የሚሉት መድኃኒት ነው አልኩ።

አልለቀቀውም። በአምስተኛው ቀን ሙሴ ያኒ ቤቴ መጣ፣ ግንባሩን ዳሰሰ፣ የዓይኑን ሥር ገልጦ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ "ነገ ሌላ ይላካል" ብሎኝ ሄደ። በነጋታው ዘበኛው መጣ። "ጌታዬ በጠዋቱ ባቡር ድሬዳዋ ወርደዋል፣ ይህን ለልጁ እናት ስጥ ብለውኛል" አለኝ። ስፈታው ያልተፈጨ፣ ሙሉ ሙሉ ኪኒን ነው፣ አንዲት ወረቀት አብራ አለች። ወረቀቷ ላይ ፀሐይ ስሏል፣ ጨረቃ ስሏል፣ ከአጠገባቸው ከላይ አንድ፣ ከሥር ሦስት።

ታዲያ እኔ የተማርኩት ሴትዮ ምን አልኩ? አራት ወደ ሦስት ወረደ አልኩ። ልጁ ባሰበት፣ ሰውየው መድኃኒቱን ቀነሰ። ለምን ይቀንሳል? ራሱን ነቅንቆ የለ? ለሚሞት ልጅ ኪኒን ለምን ላባክን ብሎ ነው፣ የእኔን ዓይን ላለማየት ነው ድሬዳዋ የወረደው አልኩ። ኪኒኑን መደርደሪያው ላይ ጣልኩና ታደሰን አዘልኩት። ከሰዓት በሚያልፈው ባቡር አዲስ አበባ ልወስደው ነው፣ ያን ሁሉ መንገድ፣ በዚያ ሙቀት፣ አንገቱ እንኳ አልቆም ብሎ።

ደጅ ላይ አዴ ጫልቱ ደረሰች። ወተት የምታመጣልኝ ናት፣ በዕድሜ እናቴ ትሆናለች፣ ባሏ ከከተማው ወጣ ብሎ የሰው መሬት ያርሳል።

"አካም ቡልቴ፣ ደህና አደርሽ፣ ልጅ አዝለሽ ወዴት ነው?" አለች።

ነገርኳት። ወተቱን አስቀመጠችና፣ "ወረቀቱ ምን ይላል?" አለች።

"ሦስት።"

"ሦስት ምን?"

"እንጃ። ከላይ አንድ አለ፣ ከሥር ሦስት።"

"የፊተኛውስ?"

"ከላይ አንድ፣ ከሥር አራት።"

ስትቆጥር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። "አንዱን ለሦስት፣ አንዱን ለአራት ማለቱ ነው እንዴ? እንደዚያ ከሆነማ ይኼኛው ሲሶ ነው። የፊተኛው እርቦ ነው።"

"ቢሆንስ አዴ፣ ቀንሶበት የለም?"

ይኼን ጊዜ ተቆጣች። "አንቺ ልጅ፣ እኛን ጠይቂና። የመሬቱ ጌታ ድርሻ እርቦ በነበረ ጊዜ ከአራት ቁና አንዱን ነው የሚወስዱት። ኋላ ሲሶ አድርጉ አሉን፣ ከሦስት ቁና አንዱ ሆነ። በዚያ ዓመት እስከ ሰኔ የሚያደርሰን እህል ግንቦት ላይ አለቀ። እና ሲሶ ያንሳል ትይኛለሽ? ጨመረለት እንጂ መች ቀነሰበት።"

እኔ እኮ ሲሶና እርቦን ስሰማ ነው ያደግሁት። አባቴ ቤት መኸር በመጣ ቁጥር ይነሳሉ። በአፌ አውቃቸዋለሁ። ተጽፈው ሲመጡ ግን አላወቅኋቸውም።

ልጁን አወረድነው። እና ኪኒን ለሦስት እንዴት ይከፈላል? ለአራት ቢሆን ግማሹን ደግሞ ግማሽ ማድረግ ነው። በቢላዋ ብሞክር ተፈረፈረ። አዴ ጫልቱ፣ "ተይው፣ ጨፍልቂውና ውሃ አድርጊበት" አለች። ስድስት ማንኪያ ውሃ ቆጠርን፣ ሁለቱ ማንኪያ ሲሶው ሆነ። "ከመስጠትሽ በፊት አማስይው፣ አለዚያ መድኃኒቱ ከሥር ይተኛል" ትለኛለች። ታደሰ ይተፋል፣ እናባብለዋለን፣ ወተት እናስከትልለታለን። በአራተኛው ቀን ጠዋት ላብ አጠመቀውና ትኩሳቱ ወረደ፣ እጁን ራሱ ወደ ወተቱ ዘረጋ።

"ሙሴ ያኒስ ተመለሰ?" አልሽኝ? ተመለሰ። ታደሰን ሲያይ "ጎበዝ አንቺ" አለው። እኔ ረግሜው እንደነበር አልነገርኩትም፣ አፍሬ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አዴ ጫልቱ፣ "እስቲ ያችን ሲሶ ጽፈሽ አሳዪኝ" አለችኝ። ደጄ ካለው ድንጋይ ላይ በከሰል ጻፍኩላት። ቁጭ ብላ ብዙ አየቻት።

"ይህቺ ናት?"

"እሷ ናት።"

"ይህቺ?" አለች ደግማ፣ በጣቷ እየለካቻት። "ዓይን እንኳ አትሞላም እኮ።"

ሳቅን። እኔ ስቄ ስጨርስ ቀና ብል፣ እሷ አሁንም ድንጋዩን እያየች ነበር።