የአሥራ ሁለት እሑድ ቀሪ

ወሬ አዳማጭ አይደለሁም። ነገር ግን ጫማ ጠጋኙ አንዱን ጫማዬን ፈትቶት ስለነበር በካልሲ ወዴት እሄዳለሁ?

አጠገቤ የተቀመጡት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ፤ ምእመናን የቀሩበትን ቀን ስለሚጽፉ ሰው «አባባ መዝገብ» ይላቸዋል። የወንድማቸው ልጅ፣ ነርሷ፣ የተበጠሰ ጫማ ይዛ ገባች። ሰላምታው ሳያልቅ እንዲህ አሏት፦

«ነገ የልብስ ሰፊዋን ስም ከአባልነት እሰርዛለሁ። አሥራ ሁለት እሑድ ቀረች። ደንብ ደንብ ነው።»

«እንዴ አጎቴ! እሷ እኮ በስልክ ከምናደርገው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት አንድም ሳምንት አልቀረችም።»

«አንቺ ልጅ! ስልኩ ሲዘጋ ሃይማኖቱም ሊዘጋ ነው?»

«መነጽርዎ ሲሰበርስ መጽሐፍ ቅዱሱ ይዘጋል?»

ጠጋኙ መዶሻውን አቆመ። ለአፍታ ሽማግሌው የሚመቷት መሰለኝ።

«ለመሆኑ ቤቷ ሄደዋል?»

«ሁለቴ! ታች ቆሜ ተጣራሁ፤ መልስ የለም። ‹ቀረች› ብዬ ጻፍኩ።»

«አራተኛ ፎቅ ላይ ወገቧ ተሰብሮ ተኝታለች። የሚያውቁ መስሎን አለመንገራችን የእኛ ጥፋት ነው።»

ስልኳን አውጥታ ልብስ ሰፊዋ ለጥናቱ ቡድን የላከችውን የድምፅ መልእክት ከፈተች። ሳቅ ያለበት ቀጭን ድምፅ መጣ፦ «አዲሶቹ ልጆች፣ ምዕራፉን ጨርሳችሁ ያልገባችሁን ጠይቁኝ። ደግሞ ለሽማግሌያችን ጸልዩ። ሦስት ወር ሙሉ ብቅ አላሉም፤ ሳይታመሙ አይቀሩም።»

 አባባ መዝገብ ትልቅ ትንፋሽ አወጡና ሳቁ።

«ለካ በእሷ ቤት ቀሪው እኔ ነኝ! ተመስገን፤ ነገ ስረዛውን በሰው ፊት ላነበው ነበር።» ቀጥለውም በቅሬታ፦ «ታዲያ ስልኩ ይህን ሁሉ ከሠራ እኔ ምን ልሠራ ነው?»

«ስልክ እጅ አይጭንም፣ እንባ አይጠርግም። ግን የቱን በር እንደሚያንኳኩ ይነግርዎታል። የታመመው አይረሳም፤ ፈረቃ የሚሠራው ትምህርት አያመልጠውም፤ አዲስ ያመነውም ከእሑድ እስከ እሑድ ብቻውን አይሆንም።»

እኔም ብጠየቅ ከዚህ የተሻለ አልመልስም ነበር፤ ደግነቱ የጠየቀኝ የለም።

ነርሷ የድምፅ መቅጃውን ከፍታ ስልኩን ሰጠቻቸው፤ ሽማግሌው እስከ አራተኛ ፎቅ የሚሰማ ጩኸት ለቀቁበት፦ «ልጄ! እኔ ነኝ! ዛሬ እመጣለሁ!»

መልሱ ወዲያው መጣ።

«እሰይ አባባ! ደረጃው ላይ እያረፉ ይውጡ፤ እኔ እንደሆንኩ የትም አልሄድም።»