ላብ የማያወጣው በሽታ

ባለፈው መስከረም አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ በምንኖርባት በቤድፎርድ ከተማ በሚገኝ መናፈሻ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስወርድ የቤተ ክርስቲያን ወዳጃችን ጋሽ ይገዙ ከልጃቸው ከሀሴት ጋር ቆመው ሲከራከሩ አገኘኋቸው። ጋሽ ይገዙ ዛሬ የኤርፖርት ሹፌር ናቸው፤ በወጣትነታቸው ግን አዲስ አበባ ለአንድ ክለብ ይሮጡ ነበር። ሀሴትም ለኮሌጇ አገር አቋራጭ ትሮጣለች።

«እንኳን እግዚአብሔር አመጣሽ፣ ሲስተር» አሉኝ፤ ነርስ መሆኔን ያውቃሉ። «እስቲ ፍረጂን። ኮቪድ ይዟት ነበር፤ ትኩሳቱ ከለቀቃት አምስት ቀኗ። ዓርብ ትልቅ ውድድር አለባት። ዛሬ ላብ ይውጣት ብዬ ባመጣት አልሮጥም ትላለች።»

«አባዬ፣ አልሮጥም አላልኩም» አለች ሀሴት። «ማለቴ፣ የቡድናችንን ጤና የምትከታተለው ትሬነር ቼክ ሳትደረጊ አትሮጪም አለችኝ። ሶ፣ እየጠበቅኩ ነው።»

«እኛ ጉንፋን ሲይዘን እንጦጦን ሮጠን እንወጣ ነበር! ላቡ ጠርጎ ያወጣዋል።»

ጋሽ ይገዙ ለልጃቸው የማያስቡ ሰው አይደሉም። እርሳቸው በጉልበት ጉዳት ሩጫ ያቆሙት ገና በሃያ ሦስት ዓመታቸው ስለሆነ፣ ያመለጠ ውድድር ሁሉ ዳግም የማይገኝ ይመስላቸዋል።

«አሁን ምን ይሰማሻል?» አልኳት።

አባቷን በስርቆት አየቻቸው። «ደረጃ ስወጣ ደረቴን ይጫነኛል። ልቤም ዝም ብሎ ይዘላል።»

«ይህን ለእኔ መቼ ነገርሽኝ?» አሉ ጋሽ ይገዙ።

«ብነግርህ ሰበብ ነው ትለኛለህ ብዬ ነዋ።»

እኔም እንዲህ አልኳቸው፦ «ጋሽ ይገዙ፣ ቫይረስ አንዳንዴ የልብን ጡንቻ ያስቆጣል። በዚያ ላይ ከባድ ሩጫ ሲጨመር የልብ ምት ተዛብቶ ሯጩ እዚያው ሊወድቅ ይችላል።»

«ታዲያ ያመመው ሁሉ ወር ይተኛ?»

«የለም። ሕመሙ ቀላል ከነበረ፣ ትኩሳቱም ከለቀቀው ጥቂት ቀን አርፎ ቀስ በቀስ ይመለሳል። ወረርሽኙ ሲጀምር ሁሉም ሁለት ሳምንት ይቀመጥ ይባል ነበር፤ አሁን ቀኑን የሚወስነው ምልክቱ ነው። ደረቱን የሚጫነው፣ ልቡ የሚዘልበት ወይም ራሱን የሚስት ግን ሐኪም ሳያየው አንድ ዙር እንኳ መሮጥ የለበትም።»

«በክለባችን አንድ ጓደኛ ነበረን» አሉ ጋሽ ይገዙ። «ጉንፋን ይዞት በተነሣ በሦስተኛው ቀን ልምምድ ላይ ወደቀ። ጤነኛ፣ ጎበዝ ልጅ ነበር። ምች መታው ብለን ቀበርነው።»

ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም። የመኪናውን በር ከፍተው «ግቢ ልጄ፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት እንሂድ» አሏት።

በምርመራው የሀሴት የልብ ጡንቻ ተቆጥቶ ተገኘ። ሐኪሙ ቢያንስ ሦስት ወር እንዳትሮጥ አዘዘ። ዓርብ ጓደኞቿ ሲሮጡ ከዳር ሆና አለቀሰች፤ አባቷም ሥራ ቀርተው አጠገቧ ቆሙ። ከገና በኋላ ተመርምራ ደህና መሆኗ ሲረጋገጥ በእርምጃ ጀመረች፤ ወደ ሶምሶማ አለፈች። በሚያዝያ አምስት ሺህ ሜትር ሮጣ ሰባተኛ ወጣች።

አንድ የውድድር ወቅት አልፏታል፤ ሕይወቷና የቀሩት ሁለት የኮሌጅ ዓመታት ግን በእጇ ናቸው። በቤታቸውም መደባበቅ ቀርቷል። ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ሲይዛት ራሷ ደውላ ለአባቷ ነገረቻቸው። እርሳቸውም ትኩሳቷንና ትንፋሿን አንድ በአንድ ከጠየቁ በኋላ «ኦኬ» አሏት፤ «ዛሬ እረፊ።»