የሚተነፍሰው ጉድጓድ

ጠዋት ከሌሊት ሥራ ስመለስ፣ በስደት በምንኖርበት ከተማ በሌክ ስትሪት አውቶቡስ ውስጥ ከኋላዬ አንዲት ሴትና አንድ ሽማግሌ ኤርትራዊ ያወሩ ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሳዑዲ ውሃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ኖረዋል። ወንድሜ እዚያ በረሃው ላይ ለላሞች መኖ የሚሆን ሣር በጉድጓድ ውሃ ያጠጣል። ውሃው ትኩስ ሆነ ይላል።»

«ከጥልቅ ሲሳብ ይሞቃል። ስንት ጊዜ ቧንቧ ጨመሩ?»

«ዘንድሮ ብቻ ሦስቴ።»

«እኛም ውሃው በራቀ ቁጥር እንጨምር ነበር። ያ ውሃ በዝናብ አይተካም፣ ልጄ።»

«ደግሞ ጉድጓዱ ይተነፍሳል አለኝ። ፀሐይ መታህ እንዴ ብዬ ሳቅሁበት።»

ሽማግሌው አልሳቁም።

«ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ?»

«ሪከርድ አድርጎ ልኮልኛል፤ ይስሙት።»

ከስልኳ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ።

«ወደ ውስጥ ነው» አሉ። «የሚተኛው የት ነው?»

«ፓምፑ አጠገብ ያለች ክፍል ውስጥ።»

«ግድግዳው ተሰንጥቋል?»

«በሩ አልዘጋ ብሎታል።»

«መሬቱ ሥሩ ባዶ ሆኗል፤ ሊሰምጥ ነው። አሁኑኑ ደውዪለት! ዕቃውን ትቶ ከዚያ ይራቅ።»

ደወለች፤ ስፒከር ላይ አደረገችው።

«እሺ እህቴ፣ እወጣለሁ» አለ ወንድሟ፤ ከድምፁ ኋላ ያው ትንፋሽ ይሰማል። «ይቺን አንድ ቧንቧ ብቻ እንጨምርና።»

ቤት ስደርስ፣ ልጄ ጥርሷን እየቦረሸች የለቀቀችውን ውሃ፣ በየቀኑ የምቆጣበትን፣ ዛሬ ራሴ ሄጄ ዘጋሁት።